የቀበሌው ደብዳቤና የጋሽ ከድር ስኳር

ባለፈው ሐሙስ ሳሎን ስገባ ልጄ ሰላም ላፕቶፗን ጠረቀም አድርጋ ዘጋችው። ምን እንደደበቀችኝ አላጣሁትም። ውጭ አገር ለመማር ቪዛ ካመለከተች ሦስት ወር ሆኗታል፤ መልሱ ግን ዘገየባት። ወዲያው ራሷ አወጣችው። ጉዳዩን ያበላሹባት ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ናቸው ባይ ናት። ፖስታ ይዛ ስትወጣ አይተው «ወዴት ነው?» ብለው ጠየቋት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ምንም ነገር አልቀና አላት። ስለዚህ ሰላምታ ነስታቸዋለች። ልስቅ ነበር፤ ነገር ግን ያቺ «ወዴት ነው?» የምትል ጥያቄ ከዚህ ከጳውሎስ አንስታ የሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ አደረሰችኝ።

ደርግ ብሔራዊ ውትድርና ያወጀበት ሰሞን ነው። እኛ የምንኖረው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ አምሮልኝ ቡልጋሪያ ሄጄ የውሃ ምህንድስና እንድማር ተመረጥኩ። የመውጫ ቪዛ ለማግኘት የቀረችኝ አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች፤ ነዋሪነቴንና መልካም ጠባዬን የሚመሰክር የቀበሌ ደብዳቤ። መስከረም ሳያልቅ ካላቀረብኩ ቦታው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። እኔን ደግሞ የሚጠብቀኝ የምልምል ወታደር መኪና ነው።

እናቴ ትእዛዟ አጭር ነበር። «አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችኝ። ትንፍሽ አላልኩም። ለቪዛው ጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤት ስሄድ ሰነዶቼን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ፣ ከላይ ባዶ የዘይት ጠርሙስ ጣል አድርጌ፣ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ልይዝ የምሄድ መስዬ ነበር የምወጣው። በዚያ ላይ የማልጠረጥረው ሰው አልነበረም። በቆሎ የምትጠብሰዋን ሴትዮ እንኳ፣ ዓይኗ ጭሱን ሽሽት ሲጨናበስ፣ እኔን በስርቆሽ የምታይ ይመስለኝ ነበር።

ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ሁለት ጠባብ ክፍሎች ነበሩ። አንዱ የጋሽ ከድር ሱቅ ነው፤ ከስልጤ መጥተው ሳሙና፣ ላምባና ሻማ ይሸጣሉ። በሌላው ሸማኔው ጋሽ ማሞ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው ሲሸምኑ ይውላሉ። መሐላቸው የሳንቃ ግድግዳ ነው። ሁለቱም በየሥራቸው ላይ እንዳቀረቀሩ፣ ሳይተያዩ ቀኑን ሙሉ ያወራሉ። አንዷን ሳንቃ ነቅለው ቀዳዳ አበጅተው ነበር፤ ረፋድ ላይ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ቅቅል ድንች በዚያች ቀዳዳ ወዲህና ወዲያ ሲል ዓይኔ እየተከተለው ነው ያደግሁት።

ታዲያ አንድ ቀን ጋሽ ከድር ዘንቢሌን አየት አድርገው «ወዴት ወዴት ነው ሰሞኑን?» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልጄ አልፍ ነበር። ያን ቀን ግን ዘንቢሉን ወደ ጎኔ ጠበቅ አድርጌ «ዘይት ልሰለፍ» ብዬ ፈጠንኩ።

ከሳምንት በኋላ ደብዳቤውን ያመለከትኩበት ቀበሌ ጠራኝ። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጓድ፣ አንተ እኮ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ አይደለህም» አለኝ። ሰው ልኮ ጎረቤት አስጠይቋል። የምስክሩን ቃል አዙሮ አሳየኝ። ልጁ አምና ገጠር ዘመዶቹ ዘንድ ገብቷል፣ አልተመለሰም ይላል። ከሥሩ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት፣ በዐረብኛ ፊደል የምትጻፈው የጋሽ ከድር ፊርማ አለች።

ደሜ ፈላ። አንቱታውንም ረሳሁት። «ስኳር የሚደብቅ ሰው ነው እንዴ በኔ ላይ የሚመሰክረው?» አልኩ።

የጸሐፊው ብዕር ቆመ። «የት ነው የሚደብቀው?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ቸኩዬ ነው፣ አላውቅም፣ ብዬ መውጣትም እችል ነበር።

«ጓዳ፣ አልጋው ሥር» አልኩት።

ስኳሩን የማውቀው እህቴ ስትወልድ ለአጥሚቷ የሚሆን ከዚያው ቀንሰው ስለሰጡን ነው። የጋሽ ማሞ ሚስት ስትታረስም እንዲሁ አድርገዋል። ያኔ ግን ስኳር የሚከፋፈለው በቀበሌ ነው፤ ነጋዴ ቤት ከተገኘ አሻጥር ይባላል። በማግስቱ ጠዋት የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው ግማሽ ኬሻ ስኳር ተሸክመው ወጡ። ሱቁ ታሸገ፣ ጋሽ ከድር ታሰሩ። መስኮታችን ላይ ቆሜ አየሁ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ እርካታ ነው።

ዘጠኝ ቀን ታስረው ተፈቱ። የተፈቱ ዕለት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። እንኳን ለቤትህ አበቃህ ካለች በኋላ ግን አልቻለችም፤ ልጄ ምን በድሎህ ነው መንገዱን የዘጋህበት ብላ አለቀሰች። ጋሽ ከድር ግራ ገብቷቸው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ።

«የምን መንገድ?» አሉ። «የቀበሌው ሰውዬ ስሙን ጠርቶ አለ ወይ ሲለኝ ለውትድርና ሊወስዱት መስሎኝ ነው። ገጠር ገብቷል ያልኩት ላተርፈው ነው። ምነው ብትነግሩኝ?»

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። እሳቸውም ወዲያው መላ መቱ። ነገውኑ ቀበሌ ሄደው፣ ገጠር ካለው ታላቅ ወንድሙ ጋር ተምታቶብኝ ነው ብለው ቃላቸውን ሊያርሙ ወሰኑ። ከእስር በወጡ ማግስት፣ ዋሽተሃል ተብለው መልሰው ሊታሰሩ እንደሚችሉ እያወቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስኳሩን የምታውቁት እናንተና ማሞ ብቻ ናችሁ» አሉ። «እናንተን አልጠረጥርም። ማሞ ነው።»

እኔ ነኝ የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። የጋሽ ከድርን ያደገ ጢም አየሁ፤ ደብዳቤዬን አሰብኩ፤ ዋጥኳት። በማግስቱ ቃላቸውን አረሙ፤ ደብዳቤው ማኅተም ተመታለት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የመውጫ ቪዛዬን አገኘሁ።

ልሄድ ስል ሱቁ ተከፍቷል፤ ያቺ ቀዳዳ ግን ከሱቁ በኩል በአዲስ ሳንቃ ተመትታለች። ጋሽ ማሞ ጠሩኝና ከድርን በምን እንዳስቀየሙት ሰምቼ እንደሆን ጠየቁኝ። አልሰማሁም አልኳቸው።

ተምሬ ተመለስኩ፣ ሠራሁ፣ ጡረታም ወጣሁ። ጋሽ ከድር ከሞቱ ቆይቷል። ጋሽ ማሞ ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ብቻቸውን ሲሄዱ አይቻለሁ። አምና ሽሮ ሜዳ የጋሽ ማሞ ቤት ሄጄ ከእሳቸው ጋቢ ገዛሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ጥለቱን በጣታቸው እየዳሰሱ «ከድር ምን እንዳደረግሁት ሳይነግረኝ ሞተ» አሉኝ። ጥለቱ ያምራል ብያቸው ወጣሁ። ጋቢውን እስከ ዛሬ አልለበስኩትም።

ይህን ሁሉ ለሰላም ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው መናገሬ ነው። «ጋሽ ማሞስ አያውቁም?» አለችኝ። አያውቁም አልኳት።

ተነሥታ ወጣች። ከአጥሩ ወዲያ «እትዬ አልማዝ፣ እንደምን ዋሉ?» ስትል ሰማኋት። ከሳሎናችን እስከ እሳቸው በር ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከዚህ ሽሮ ሜዳም በታክሲ ሩቅ አይደለም፤ እኔ ግን ያቺን የዋጥኳትን ቃል ይዤ አርባ ዓመት ሙሉ አልደረስኩም።