የራስጌ መብራት ማብሪያና የአማት ጋያ

አውቶማቲክ መኪና ያኔም አልወድም፣ ዛሬም አልወድም። ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ለሰነፍ ሹፌር የተሠራ ይመስለኛል። በደርግ ዘመን ጋምቤላ ውስጥ መካኒክ ሳለሁ ግን የመሥሪያ ቤታችን ብቸኛ ደህና መኪና አውቶማቲክ ነበር። እሱም ታመመብን።

በእንዲህ ያለው መኪና ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙት በዘይት ነው። ሞተሩ ዘይቱን ያሽከረክራል፣ ዘይቱ ካምቢዮውን ያዞራል። መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ውስጥ ያለ ሳህን ሁለቱን ጥርቅም አድርጎ ያያይዛቸውና ዘይቱ ያርፋል። ያንን ሳህን የሚያዘው የኤሌክትሪክ ሳጥን በክረምቱ ጎርፍ ውሃ ገብቶት ሞተ። ከዚያ ወዲያ ዘይቱ እረፍት አጣ፤ በጋምቤላ ሙቀት ላይ ተጨምሮ ጎረቤት ከተማ ኢታንግ ሳንደርስ የተቃጠለ ዘይት ይሸተን ጀመር። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ ተባልን።

የሹፌራችን ሚስት ለመውለድ ኢታንግ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። አንድ ጠዋት ከዚያ የመጣ የጭነት መኪና ነጂ ምጥ እንደጠናባት ነገረው። ጋራዥ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ይቺ መኪና ሆስፒታል ታደርሳታለች?» አለኝ።

እየቆመች፣ ዘይቷ እየበረደ፣ ታደርስ ነበር። ምጥ ግን ቆሞ አይጠብቅም።

ገበያው ጥግ ወዳለው ባለሱቅ ሮጥኩ። ከወሎ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ያለው የራስጌ መብራት ማብሪያ ብቻ ነበር። «ለመኪና ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከእጅ አይሻል ዶማ ቢሆንም ወሰድኩት። ከባትሪው ሽቦ ስቤ፣ በማብሪያው አሳልፌ፣ ሳህኑን ከሚያዘው ገመድ ጋር አገናኘሁት፤ ማብሪያውንም በሹፌሩና በኔ ወንበር መሀል አሰርኩት። መንገድ ወጥተን ቀጭ ሳደርገው የሞተሩ ጩኸት ወዲያው ዝቅ አለ። ደስታዬን መደበቅ አልችልም፤ ጮኽኩ።

አንድ ጣጣ ግን ነበረው። ማብሪያው ሳይጠፋ መኪናው ከቆመ ሞተሩም አብሮ ይጠፋል። ሞተር ማስነሻው ሞተሪኖ ደክሟል፤ አውቶማቲክ ደግሞ ተገፍቶ አይነሳም። ስለዚህ ሹፌሩን «አንተ መሪህን ያዝ። ማብሪያው የኔ ነው፣ እንዳትነካው!» አልኩት። ቁጣ ልማዴ ነው፤ እሺ አለኝ።

ኢታንግ ሞተሩን ሳናጠፋ ሚስቱን ከኋላ አስተኛናት። እናቷ ትምባሆ የሚያጨሱበትን ረጅም ጋያቸውን ይዘው ከራስጌዋ ተቀመጡ። ሹፌሩም እነሱም ኑዌር ናቸው፤ በወጋቸው አማችና አማት ፊት ለፊት አይነጋገሩም። እናም እናትየው ሁሉን ነገር በኔ በኩል አደረጉት።

«እሱን ንገረው። ጉድጓድ አለ፤ ቀስ ይበል» ይሉኛል። እሱ በጆሮው ሰምቶ ሳለ እኔ እስክደግመው ይጠብቃል። በዚያ ጭንቀት መሀል የሁለት ሰው ተላላኪ ሆኜ አረፍኩት።

ግማሽ መንገድ ላይ የከብት መንጋ መንገዱን ሞላው። እኔ እስከ ወገቤ በመስኮት ወጥቼ እረኞቹ ላይ መጮህ ጀመርኩ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ተንቀጠቀጠ። ማብሪያው! ልጅቷ ከኋላ ታቃስታለች፣ ሞተሩ ሊጠፋ ነው፣ የኔ እጅ ውጭ ነው። ሹፌሩ እንዳይነካ ከልክዬዋለሁና ሁለት እጁ መሪው ላይ ደርቆ ቀርቷል።

አንገቴን ወደ ውስጥ ስመልስ የጋያው ዘንግ በሹፌሩ ትከሻ በኩል ሲያልፍ አየሁ። እናትየው በጫፉ ማብሪያውን ቀጭ አደረጉት። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ትን ብሎት ተረጋጋ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው ጋያቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ለካ መንገዱን ሙሉ እጄን ሲያጠኑ ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ እጄን ከማብሪያው አላነሳሁም፤ ዘይት ሳይሸተን ጋምቤላ ገባን።

ሆስፒታሉ ግቢ ሹፌሩ መቀመጥ አቅቶት ከጎኔ ቆመ። እናትየው ወጡና እኔን ብቻ እያዩ «እሱን ንገረው» አሉ። «ሴት ልጅ ናት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።»

ሰምቷል፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ግን እንደ ወጉ ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ። እኔ፣ መንገዱን ሙሉ አፌ ያላረፈው ሰውዬ፣ ያችን አጭር መልእክት ለመድገም ድምፄ እምቢ አለኝ።

«ንገረኝ እንጂ» አለኝ።