የአባቴ ዐይን እና የመስቀሉ በሬ

ነሐሴ 5 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አረካ አጠገብ በሚገኘው የአባቴ ግቢ ተቀምጠን ነበር። የአባቴን ዐይኖች ሞራ ጋርዷቸዋል፤ ሐኪሙም ቶሎ ካልተገፈፈ ብርሃኑን ሊያጣ እንደሚችል ነግሮናል። እኔ ከሶዶ እየተመላለስኩ ለወራት አስረድቼዋለሁ። በተከራከርኩት ቁጥር ግን እምቢታው ይጠነክር ነበር።

ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ ስትሰማን ቆይታ ጣልቃ ገባች።

«ተይው፣ ልጄ። ምን ብሎ ይታከማል? የመጪውን የመስቀል በሬ ጎረቤታችን ይመርጥልናል።»

አባቴ ቀና አለ። በየዓመቱ ገበያ ወርዶ የቅርጫውን በሬ የሚመርጠው እሱ ነበር፤ ሰፈሩም ከእሱ ዐይን ሌላ አያምንም።

«እሱ? ያን ጊዜ ያመጣው አጥንት ብቻ አልነበር እንዴ፣ እትዬ?»

«ቢሆንስ? አንተ ቤትህ ተቀመጥ፤ ድርሻህን እናመጣልሃለን።»

እኔ ልቀጥል ስል አክስቴ በዐይኗ ዝም አሰኘችኝ። ንግግር የት ላይ እንደሚበቃ ማወቋን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጋቢውን ለብሶ ጠበቀኝ። ዱቦ ሆስፒታል ሄዶ ሞራውን ሊያስገፍፍ፣ በሬውንም ራሱ ሊመርጥ መወሰኑን ነገረኝ።