ረጅሟ ለምን አልጣለቻትም?

ይህ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። ለሌላ ሰው ተራ ወሬ ነው፤ ሰው አልሞተም፣ ንብረት አልጠፋም። እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ በገዛ አፌ የቅርብ ጓደኛዬን ላጣ ነበርና።

ሾላ ገበያ በአባቴ እህል ቤት ነው የምሠራው። ከጎኔ ሀያት የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች፤ ባልዲ፣ ጆግ፣ ሳፋ። ሁለታችንም የጃፓን ሴቶች ሬስሊንግ ሱሰኞች ነን። የሰማ ሁሉ ይስቅብናል፤ ይሳቅ። እሁድ እሁድ፣ እነሱ ጋ ሲመሽ እኛ ጋ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን፣ የሱቄን በር ገርበብ አድርገን በስልኬ እናያለን። ከሥር የሚመጣውን እንግሊዝኛ ጽሑፍ እኔ እያነበብኩ እተረጉምላታለሁ፤ ሀያት ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። አራት ዓመት እንዲህ አይተናል።

እንደኛ የለከፋቸውን ሰዎች ሰብስበንም በስልክ ግሩፕ አቋቁመናል። እዚያ አስተያየት ጸሐፊዋም ፈራጇም እኔ ነኝ። ከኮተቤም ከሌላም ሰፈር ሆነው የእኔን ፍርድ የሚጠብቁ አሉ፤ እኔም አንዳንዴ ልቤ ያብጣል።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል የዓመቱ ትልቅ ዝግጅት ቀረበ። የመጨረሻውን ግጥሚያ የተጋጠሙት ስማቸው ለአፍ ስለሚከብደን "አጭሯ" እና "ረጅሟ" የምንላቸው ናቸው። እኔ የአጭሯ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲጣጣሉ ቆይተው፣ ረጅሟ አጭሯን ትከሻዋ ላይ አወጣቻት። አሁን ከላይ ታፈርጣታለች ብለን ስንጠብቅ፣ ዝቅ ብላ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስተኛቻትና ደረቷ ላይ ተጋደመች። ዳኛው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረ፤ ረጅሟ አሸነፈች። አለቀ።

ግሩፑ ቀወጠው። አንዱ ጨዋታው ተበላሸ ይላል፣ ሌላው ሬስሊንግ ድሮም ድራማ ነው፣ ተስማምተው ነው የሚጣጣሉት ይላል። እኔ ረጅም ፍርድ ጻፍኩ፤ ረጅሟ ሰነፍ ናት፣ ደክሟት ነው፣ ሥራዋን አታውቅም አልኩ። ሀያት ከሥሩ፣ "እኔ እንጃ፣ አጭሯ ቀድማ ራሷን የሳተች መሰለኝ። ረጅሟ አውቃ ነው ያላፈረጠቻት" ብላ ጻፈች።

እኔ በምጽፈው ላይ ሰው ሲቃወመኝ አልወድም። ይልቁንም ሀያት። "ሀያት እኮ እኔ ካልተረጎምኩላት ምን እንደተባለ እንኳ አታውቅም" ብዬ መለስኩ። ሰዎች በሳቅ ምልክት አጥለቀለቁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሀያት ከግሩፑ ወጣች። ከዚያ በኋላ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች በአንገት ብቻ ሰላም እንባባል ጀመር። የሚቀጥለውን እሁድ ብቻዬን ተቀምጬ ሳይ ምንም አልጣመኝም።

በሳምንቱ ጋሽ ኤርጫፎ ጤፍ ይዘው መጡ። ጋሽ ኤርጫፎ የገበያችን ጫኝና አውራጅ ናቸው፤ ከሆሳዕና አካባቢ በልጅነታቸው መጥተው ኩንታል ሲሸከሙ ፀጉራቸው ሸበተ። ጤፉን አውርደው ጆንያው ላይ አረፍ ሲሉ፣ እኔ ያቺኑ መጨረሻ ደጋግሜ እያየሁ ነበር። ነገሩ ሳይከነክነኝ አልቀረም። አንገታቸውን አስግገው አዩና "እስቲ መልሺው" አሉኝ። መለስኩት። ደግመው አስመለሱኝ።

"ይኸውልሽ ልጄ" አሉ በጣታቸው እያሳዩኝ፣ "እዚህ ጋ የምትነሣዋ ልጅ እያገዘቻት ነው። ራሷ ዘልላላታለች፣ አንገቷንም ይዛለች። እዚህ ጋ እጇ ወደቀ። ከዚህ ወዲያ ልጅቷ የለችም፤ ጆንያ ናት።"

ታላቅ ወንድማቸው ታሞ ራሱን በሳተ ጊዜ ከመኪና ተሸክመው እንዳወረዱት፣ ከስቶ አጥንቱ ብቻ የቀረ ሰው ከጤፍ ኩንታል ብሶ እንደከበዳቸው አጫወቱኝ። ረጅሟም ያን ሁሉ ክብደት በአንድ ጉልበቷ ይዛ፣ ልጅቱን እንደ እንቁላል ነው ያስቀመጠቻት አሉ። እሳቸው ቢሆኑ ይጥሏት እንደነበር ነግረውኝ ተነሥተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

እንደገና አየሁት። እውነትም የአጭሯ እጅ ወድቋል። የረጅሟ ጉልበት ሲንቀጠቀጥም ይታያል። ስንት ጊዜ አይቼው ይህን አላየሁም። ሱቁን እንደተከፈተ ትቼ ወደ ሀያት ሮጥኩ።

ባልዲ እየሰቀለች ነበር። ጋሽ ኤርጫፎ ያሉኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ልክ ነበርሽ፣ ይቅርታ አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ባልዲዋን ሰቅላ ጨረሰች።

"ሂሉ" አለችኝ፣ "እኔ ስነግርሽ አላመንሽኝም። እሳቸው ሲነግሩሽ አመንሽ። አራት ዓመት አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ምን የማይ መስሎሽ ነበር?"

እኔ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ሳነብ፣ እሷ ሰዎቹን ስታይ ኖራለች።

ያን ቀን ማታ ግሩፑ ላይ "ሀያት ልክ ነበረች፣ ተሳስቻለሁ" ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን አጭሯ ጭንቅላቷን ተጎድታ ሕክምና ላይ መሆኗ፣ ረጅሟም ጉልበቷ መጎዳቱ ተነገረ። ጉድ ተባለ። ሰዉ ግን ያመሰገነው እኔን ነው፤ ስህተቷን የምታምን ትልቅ ሰው ተባልኩ።

አሁን ከሀያት ጋር ታርቀናል። እሁድ እሁድ እንደ ድሮው አብረን እናያለን፤ ምን አየሽ ብዬም እጠይቃታለሁ። ወደ ግሩፑ ግን ተመለሽ ብላት አልተመለሰችም። ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔ ያስተካከልኩት ስለ ጨዋታው የጻፍኩትን ነው። ስለ እሷ የጻፍኩትን አላስተካከልኩም፤ እነዚያ የሳቁት ሁሉ ዛሬም እሷን የሚያውቋት በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ሀያት ከሁላችንም በፊት አይታለች፤ ያየችውም ማንም ሳይተረጉምላት ነው።