ከመጋረጃው ኋላ የተደበቀው ቁልል

መርፌ ይሏታል፤ ግማሹ ለሥራዋ፣ ግማሹ ለምላሷ። ዕድሜዋን ሙሉ የብርድ ልብስ ጠርዝ ስትዘመዝም የኖረች ሴት ናት፤ ጠማማ ስፌት ካየች የሰፋውንም፣ የገዛውንም፣ የለበሰውንም አትምርም።

የእህቷ ልጅ ከቤቷ ሥር ሱቅ አለው። ፍሊስ የሚሉትን ለስላሳ የብርድ ልብስ ጨርቅ እየቆረጠ ያመጣላታል፤ እሷም መስኮት ሥር ተቀምጣ ጠርዙን አጥፋ በእጇ ትሰፋዋለች። ቋጠሮዋ አይታይም፤ ማዕዘኑን ሁለቴ አጥፋ እውስጡ ትቀብረዋለች። ይህን ለማንም አሳይታ አታውቅም። ልጁ ሊወስድ ሲመጣ "እጅሽ ይባረክ አክስቴ" ይላታል።

አንድ ቀን ክር አለቀባትና ጉልበቷን እየረገመች ወደ ሱቁ ወረደች። ከመጋረጃው ኋላ ስትፈልግ አንድ ቁልል ብርድ ልብስ አገኘች። የላይኛውን ስባ መብራቱ ሥር ገለጠችው። አንዱ ስፌት ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዳንዱማ ጭራሽ ጨርቁን የሳተ ነበር። ደሟ ፈላ።

"በላዬ ላይ ሌላ ሰፊ ቀጠርክ? እሱስ ይሁን፣ ይቺን ጉድ ከየት አመጣሃት? ይሄን የሰፋች እጇ ይሰበር።"

ልጁ ቁልሉን መልሶ በመጋረጃው ሊሸፍን እጁን ሰደደ።

"ለመሆኑ ቋጠሮውን የት ጣለችው?" ብላ ማዕዘኑን ዳበሰች። ጨርቁ ሁለት እጥፍ ነው። ቋጠሮው እውስጡ ተቀብሯል። ሁለተኛውን ሳበች፣ ሦስተኛውንም። ያው ነው።

"አንዱንም አልሸጥከውም?"

"አልሸጥኩም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ማን ደፍሮ ይነግርሻል አክስቴ? ጎረቤትሽ ስፌትሽ ተንሻፈፈ ብትልሽ ሰላምታ ነሥተሻት ቀረሽ።"

ያንገበገባት የዓይኗ መድከም አይደለም። ዓይን ያረጃል። እንደ ሕፃን፣ ማባበያ ጨርቅ እየሰጣት፣ እያወቀ "እጅሽ ይባረክ" ሲላት መክረሙ ነው። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ እውነቱን የሚነግራት ጠፋ? ተገኝታ ነበር፤ ጎረቤቷ። እሷን ደግሞ ያባረረቻት ራሷ ናት፤ ይሄ ንዴቷን አባሰው።

በርጩማ ስባ መብራቱ ሥር ቁጭ አለች። መቀስ አንሥታ የመጀመሪያውን ጠርዝ ፈታችው።

"ና ተቀመጥ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሳልፍልኝ። ሲጠምም ጠመመ ትለኛለህ፤ ብትዋሸኝ አልምርህም።"

መርፌውን ሰደደች፣ ሳበች፣ ደገመች። ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጠምሟል፣ አክስቴ።"

ከነአባቱ ሰደበችው። ሰድባው ስታበቃ ስፌቱን ፈታችው።