ጋሽ ደምለው ለእናቴ የመረጡላት ሽጉጥ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቀሚሴን ላስጠብብ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ ሰውየው የስፌት መኪናውን ዘይት ቀባ። በጨርቅ ሲወለውለው ያ ቀጭን የብረትና የዘይት ሽታ መጣ፤ እኔም ወዲያው ባደግሁባት ሮብ ገበያ፣ ጋሽ ደምለው ደጃፍ ላይ ነበርኩ።

ጋሽ ደምለው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሥራቸው ጠመንጃ መጠገን ነው። በራቸው ላይ ከባሕር ዛፍ የተሠራ ጠረጴዛ፣ በላዩ ሞረድ፣ የዘይት ጠርሙስ፣ ጣቢያው እየሸሸ የሚያንቋርር ራዲዮ አለ። መነጽራቸው አንድ ጆሮው ተሰብሮ በክር ታስሯል። መሣሪያ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ እርሳቸውን ያማክራል፤ እርሳቸው ግን ስለ መሣሪያው ሳይሆን ስለ ሰውየው ይጠይቃሉ። ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ይጠጣ እንደሆነ፣ በቅርቡ ከማን ጋር እንደተጣላ። ተቆጥቶ የመጣውን፣ አዝመራው ይግባና ተመለስ ብለው ይሸኙታል። አብዛኛው አይመለስም።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ የሺ በበቅሎ ጨርቅ እየጫነች ከገበያ ገበያ ትዞር ነበር። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ሁለት ሰዎች አስቁመው ጨርቋን ዘረፏት፤ ትከሻዋንም በዱላ መቷት። አጎቴ ቢተው ይህን ሲሰማ አንድ ግዙፍ ሽጉጥ ሊገዛላት ተስማምቶ፣ ጋሽ ደምለው እንዲያዩት ይዞት መጣ። ትልቅ መሣሪያ ገና ሲታይ ያስበረግጋል ባይ ነበር።

ጋሽ ደምለው ጥይቱን አወጡ፤ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይተው ለእናቴ ሰጧት። ጣቷ ቃታው ላይ በቅጡ አልደረሰም። የታመመ ትከሻዋ ክብደቱን ስላልቻለ አፈሙዙ ወደ መሬት አዘነበለ።

«ቢተው፣ ላንተ ያምርብህ ይሆናል» አሉት በቀስታ። «እሷ ከያዘችው ግን የሚታጠቀው የሚቀማት ሰው ነው።»

አጎቴ አኮረፈ፤ እናቴ ግን በየቀኑ ወደ ጋሽ ደምለው ትሄድ ጀመር። እርሳቸውም የሚሸጥ ሽጉጥ ያለውን ሰው እያስጠሩ አስሞከሯት። አንዱ ቀላል ነው፤ ሲተኮስ ግን ከእጅ ይዘላል። ሌላው ከኋላው የወጣው ብረት በመዘዘችው ቁጥር መቀነቷን ይይዝባታል። በመጨረሻ አንድ ጡረተኛ ትንሽ፣ ጎኑ ልሙጥ ሽጉጥ አመጡ። እጇ ውስጥ ገብቶ ዝም አለ። እሷና ጡረተኛው ወረዳ ሄደው ፈቃዱን በስሟ አዛወሩ። ጋሽ ደምለው ለሽጉጡ ቁልፍ ያለው ሣጥን ሠሩ፤ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰሩላት፤ እኔንም ጠርተው ሣጥኑን እንዳልነካ አስማሉኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ ወስደው ጓል ዒላማ አድርገው ቢያስተኩሷትም ብዙውን ጊዜ የሚያለማምዷት ጥይት የሌለውን ሽጉጥ መምዘዝንና ከመተኮስ በፊት ቆም ማለትን ነበር።

«ፊቱን ተዪው፤ እጁን እዪ» ይሏታል። «ሰው ክፋት የሚሠራው በእጁ ነው።»

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እናቴ በዚያው ዳገት በጉምና በካፊያ ስትመለስ ከኋላዋ የሚሮጥ ኮቴ ሰማች። ዞር ስትል ሽጉጡ እጇ ላይ ነበር። አንድ ረጅም ሰው እያለከለከ ከጉሙ ወጣ። ጣቴ ቃታው ላይ ነበር፣ ብላናለች ኋላ። ከዚያ ዓይኗን ወደ እጆቹ አወረደች። በሁለት እጁ የእሷን የጨርቅ ጥቅል ታቅፏል። ከበቅሎዋ ላይ ተንሸራቶ ወድቆ ኖሯል።

«ወድቆብዎት ነው» አለ ሰውየው።

ሮብ ገበያ ትምህርት ቤት አዲስ የተመደበው መምህር ታደለ ነበር። እናቴ ሽጉጡን ወደ መቀነቷ መልሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እሱም ጥቅሉን መሬት ላይ ባስቀምጠው ጭቃ ይነካዋል ብሎ፣ አልቅሳ እስክትጨርስ በካፊያው ውስጥ ታቅፎት ቆመ።

በማግስቱ ለጋሽ ደምለው ስትነግራቸው እኔም አጠገቧ ነበርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። ከዚያ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መምህሩ ሚስት አለው?»

አልነበረውም። በዓመቱ መምህሩ ሽማግሌ ወደ ቤታችን ሲልክ ጋሽ ደምለው ከተላኩት መካከል ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። አጎቴ ቢተው እንኳ ሳቀ።

እናቴ ያን ሽጉጥ ለብዙ ዓመታት ይዛዋለች፤ ሰው ላይ አንድም ቀን አልተኮሰችም። ዓይኗ ሲደክም በራሷ እግር ሄዳ ለወረዳው አስረከበችው። ጋሽ ደምለው ልጅ ሳይወልዱ ነው ያረፉት። ሙት ዓመታቸው በደረሰ ቁጥር ድፎውን ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መምህር ታደለ ነው፤ እኔ አባዬ የምለው። አዲስ የመጣ ቄስ፣ ሟቹ ምንህ ናቸው ብሎ ሲጠይቀው ታሪኩን አይዘረዝርም። ዘመዴ ናቸው ይልና ዳቦውን ያስቆርሳል።