የቨርና የናስ ሰሌዳ

ቨርና ኩቼራ ሰውን ዐይን ለዐይን አታይም፤ የድራይ ክሪክ ከተማ ሰው ደግሞ ይህን ትዕቢት ብሎ ተረጎመው። ነብራስካ ውስጥ አንዴ የተተረጎመ ሰው ተመልሶ አይታረምም። በቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ድንች ሰላጣው እየዞረ፣ «ከላም ጋር ያደገች!» ይሏታል። ኦቲዝም የሚለውን ስም ሐኪም የሰጣት በአርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሌሎቹን ስሞች ከተማው ቀደም ብሎ በነጻ አድሏታል።

ዩኒቨርሲቲ ተምራ የከብት ሊቅ ሆና ስትመለስ የሜርል ሃቭሊክ ቄራ ጠራት። ወይፈኖቹ ከመግቢያው ላይ እየቆሙ አስቸግረው ነበር፤ ሠራተኛው ይጮኻል፣ በኤሌክትሪክ መውጊያ ይወጋል። ቨርና በአራት እግሯ ተንበርክካ ከብቱ የሚነዳበትን መተላለፊያ ዳኸችው።

«ሜርልን ጥሩት!» አለ የነጂዎቹ አለቃ ሎይድ። «ዶክተሯ ራሷን ልታሳርድ ነው!»

ጭቃዋን ሳታራግፍ ተነሣች። «አጥሩ ላይ የሰቀልከውን ቢጫ ካፖርት ይፈሩታል። አንሣው።»

«የሚፈሩት ካፖርቴን ነው ወይስ አንቺን?»

«ካፖርትህን። እኔን አይተውኝ ዝም ብለዋል።»

ሁለት ዓመት ለፍታ ጎኑ በላሜራ የተሸፈነ፣ ጠመዝማዛ መተላለፊያ አሠራች። ከብቱ ያለ ጩኸት፣ አንዱ የሌላውን ጭራ እየተከተለ ይገባ ጀመር። መውጊያው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ሸረሪት አደራበት። ቨርና ከዚህ ዓለም የፈለገችው ይህንኑ ነው፤ መውጊያው ከምስማሩ እንዳይወርድ።

ሜርል ግን ውለታ መክፈል አማረው። የምግብ ትሪ የሚያክል የናስ ሰሌዳ ላይ ስሟን አስቀረጸና፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል፣ መግቢያው ላይ በቡሎን አሰረው። ጋዜጠኛው መጣ፤ ተጨበጨበ። የጠዋት ፀሐይ ናሱ ላይ ስታርፍ መጀመሪያ የመጣው ወይፈን ቀጥ ብሎ ቆመ። የኋለኞቹ ላዩ ላይ ተደራረቡ።

«ያብረቀርቃል» አለች ቨርና። «አንሡት።»

«ዶክተር፣ ክብርሽ እኮ ነው! ፊደሉን የመረጠችው ባለቤቴ ናት።»

«ከብት ፊደል አያነብም፣ አቶ ሜርል።»

የሜርል ሚስት ፊቷ ቲማቲም መሰለ። በዚያ አገር የጎረቤትን ኬክ አልበላም ያለ ሰው እስከ ቀብሩ ይታማል፤ የናስ ሰሌዳ እንቢ ያለማ! ሎይድ ወደ ምስማሩ ሄዶ መውጊያውን አወረደና የሸረሪት ድሩን እፍ ብሎ አራገፈው።

በማግስቱ ቨርና ጭቃ ዝቃ የገዛ ስሟን ለቀለቀችው። የሜርል ሚስት አጠበችው። ቨርና ደገመች፤ ሴትዮዋም ደገመች። በሦስተኛው ቀን ቨርና ካቻቪቴና የቡሎን መፍቻ ይዛ ብትመጣ ጥበቃው በሩ ላይ ቆመ።

«አትገቢም ተብሏል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«የዶክተር ቨርና ኩቼራን ሰሌዳ አበላሽተሻል።»

«ዶክተር ቨርና ኩቼራ እኔ ነኝ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ ጥበቃው፣ ባርኔጣውን አውልቆ። «የክብር ሰሌዳ ግን የሕዝብ ነው።»

ከአጥሩ ውጭ ቆማ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ቢሆንም ተሰማት፤ የመውጊያው ጠሽታ፣ ከዚያ የወይፈኑ ጩኸት።

ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ሜርል ሰሌዳውን ያስጎበኛል። «ምስጋና ቢስ ናት፤ እኛ ግን ውለታ አንረሳም» ይላል። ሚስቱ ሰኞ ሰኞ በሎሚ ትወለውለዋለች። የቨርና ስም ከሩቅ ያበራል፤ ወይፈኑ ስሟን አይቶ ይቆማል፤ ሎይድም ይወጋዋል።