የመርከበኛው ሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ገዝቶ መጣ። የድሮ ባሕር ኃይሎች ያስሩት የነበረውን አስመስለው የሠሩት ነው አለኝ፤ ፊቱ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ ጉልህ፣ ማሰሪያው የኮርቻ ጠፍር የሚያህል ወፍራም ቆዳ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ የጧት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነበርና «እስቲ ይሞክሩት፣ እማማ» ብሎ ገና ሳልፈቅድለት ክንዴ ላይ አሰረልኝና መሙያውን በሁለት ጣቱ ይዞ ያጠነጥን ጀመር። ያ ክርር፣ ክርር የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ሲገባና የቆዳውና የዘይቱ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ክንዴን ከእጁ መነጨቅኩ። ልጁ ደነገጠ፤ ቆዳው ያሳከከኝ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም አዎ፣ አሳከከኝ አልኩት። ሰማንያ ስድስት ዓመት የሞላት አሮጊት፣ በልጅነቷ አሥራ አምስት ቀን ያሰረችው ሰዓት እስከ ዛሬ ክንዷን እንደሚበላት በምን አፏ ታስረዳለች?

አባባ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ሙያውን የተማሩት አራዳ ከነበሩ አንድ አርመናዊ ሽማግሌ ዘንድ ሲሆን፣ ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ከልደታ ማርያም ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወርደው መንገድ ዳር የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሱቅ ማለቴ አንዲት የጭቃ ክፍል ናት፤ ቆርቆሮ የለበሰች፣ ወደ መንገዱ የሚከፈት ሰፊ መስኮት ያላት፣ በኋላዋ በኩል በአንድ መጋረጃ ከመኖሪያችን የምትለይ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የሰው ሰዓቶች እርስ በርሳቸው ተስማምተው አያውቁም፤ አባባ ጧት ጧት አንዱን ዘገየህ፣ ሌላውን ተጣደፍክ እያሉ እንደ ተማሪ ቤት መምህር ሲቆጧቸው እንሰማለን። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ሙያውን ከእሳቸው እየተማረ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ከበሩ በላይ ሆኖ ግንባሩን በየቀኑ ከመቃኑ ጋር የሚያጋጭ፣ ጆሮው ግን ለጉድ የተፈጠረ። የታመመ ሰዓት ሲመጣ ሳይከፍተው ጆሮው ላይ ያስጠጋና ጥርሱ የጎደለ መንኮራኩር አለው ወይም ዘይት ጠምቶታል ይላል፤ አባባ ሲከፍቱት ያለው ነገር ሆኖ ይገኛል። እኔንም ማዳመጥ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ጣልያን በገባ በመጀመሪያው የካቲት፣ ቦምብ ተጣለ ተብሎ ከተማዋ ሦስት ቀን ስትነድ፣ አባባ አራዳ ሄደው አርመኑ ቤት ሳሉ መንገድ ተዘጋባቸው። እናቴ ደምሴን ጣሪያው ሥር ቆጥ ላይ አውጥታ በእህል ከረጢት ሸፈነችው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወታደሮች ግቢያችንን ሞሉት፤ የሚያዛቸው ነጭ ኮፍያ ያደረገ አንድ መኮንን ነው። ክንዱን አንሥቶ ሰዓቱን አየና አምስት ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየን። አስተርጓሚው፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወንዶች ካልወጡ ቤቱ ይቃጠላል አለ። እናቴ እግሩ ሥር ተደፍታ አፈሩን ስትስም ፊቱን አላየችውም፤ እኔ ግን ቆሜ ነበር። እሱ እኛን አያይም፤ የሚያየው ሰዓቱን ብቻ ነው። ቡና ከምድጃ እስኪወጣለት እንደሚጠብቅ ሰው ተረጋግቶ ያያል። የሰዓቱ መስተዋት ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀጭን ጭረት ተሠንጥቆ ነበር። አንዱ ወታደር ላምባ ግድግዳው ላይ መርጨት ሲጀምር ደምሴ ከቆጡ ወረደ። በፊቴ ሲያልፍ «ለአባባ ደህና ነው በያቸው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

እናቴ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ብዙ ሰው በመርከብ ተጭኖ ባሕር ማዶ ታስሯል የሚባል ወሬ ነበርና፣ የእሷም ልጅ እዚያ እንዳለ ቆረጠች። የደምሴን ጋቢ በየወሩ አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ ብል እንዳይበላው ነው። ጎረቤት አንጀቷን የሚበላ ቃል ሊተነፍስ ሲል ፊቷን ታዞራለች።

በማግስቱ ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ጣልያናዊ ሱቃችን መጣ። ከምጽዋ ተዛውሮ የመጣ የባሕር ኃይል ሰው ስለሆነ ሰፈሩ መርከበኛው ይለው ነበር። ሳቂታ ነው፤ ለልጅ ከረሜላ ይሰጣል፤ አማርኛም ቃል በቃል እየለቀመ ይሰብራል። አምስት አዳዲስ የክንድ ሰዓቶች በሣጥን ይዞ፣ ስድስተኛውን ከራሱ ክንድ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ምጽዋ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ የተስተካከለ ሰዓት እዚህ ደጋ ላይ ሲወጣ ይቀድማልና፣ እየታሰሩ ይሞከሩ፣ ስንት እንደሚቀድሙ ተይዞ ይስተካከሉ አለ። አባባ ጣልያንኛ ከአርመኑ ቤት ለምደዋል። እምቢ ማለት እንደማይቻል እኛም እሳቸውም እናውቃለን።

ሰዓት የሚፈተነው በሰው ክንድ ነው ይሉ ነበር አባባ። ስለዚህ ስድስቱ ሰዓቶች በሰፈሩ ተበተኑ። አንዱ እሳቸው ጋ ቀረ፤ አንዱ ምስማር ላይ ተሰቀለ፤ አንዱ በውኃ ሳሕን ውስጥ ተዘፍዝፎ ዋለ። አንዱን ከጎናችን ልብስ የሚሰፉት የወሎው ሰው አቶ እንድሪስ አሰሩት፤ ስፌት መኪናው ሲያንቀጠቅጠው ውሎ በቀን አምስት ጊዜ ደግሞ አብሯቸው ውዱእ ያደርጋል። አንዱ ለእናቴ ደረሰ። በርበሬ ስትወቅጥ እንኳ አታውልቂው ስለተባለች በሙቀጫው ምት ሁሉ ይዘላል፤ እሷ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት የሚል ሰዓት ጤነኛ እንዳልሆነ ለመጣ ለሄደ ሁሉ ታስረዳለች። የመርከበኛው የራሱ ሰዓት ለእኔ ተሰጠኝ። ክንዴ ቀጭን ስለሆነ አባባ ማሰሪያውን በወስፌ በስተው አሰሩልኝ። ያን ጊዜ ጭረቱን አየሁት።

ቀና ስል ሰውዬው ሊወጣ በሩ ላይ ነበር። መቼ እንደሚመለስ ለአባባ ሲያሳይ አሥር ጣቱን ዘረጋ፣ ቀጥሎ አምስቱን። ያቺን እጅ አወቅኳት። ያለ ኮፍያና እየሳቀ ስለመጣ ነው እንጂ ፊቱም ያው ፊት ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። አባባ ቢሰሙ ያደርጉታል ብዬ የፈራሁት ነገር ነበር። ቀን ውኃ ስቀዳ፣ እንጨት ስለቅም፣ ያ ብረት ክንዴ ላይ ይሞቃል፤ ስተኛ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ይቆጥራል። ጧት ጧት አባባ ፊት ስሞላው መሙያውን የማጠነጥነው የሰውዬውን አንገት የማጣምም እየመሰለኝ ነበር። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ልጥለው አሰብኩ፤ ግን በአባባ ራስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ወሩ በባተ ልደታ፣ አባባ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የጀርባ ክዳኑን በእሳቸው መክፈቻ ከፈትኩና፣ ሰዓትን የምታፈጥነውንና የምታዘገየውን ትንሽ ዘንግ ደምሴ እንዳሳየኝ በጥፍሬ ወደ ማዘግየቱ እስከ መጨረሻ ገፋኋት።

አባባ ማታ ሲመረምሩት አጉሊ መነጽሩን ከዓይናቸው አወረዱ።

«ይህን ማን ነካው?» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮፍያውን፣ ጣቶቹን፣ ላምባውን፣ ጭረቱን። አባባ እየሰሙ ወረንጧቸውን በጨርቅ ይወለውሉ ነበር፤ ከጨረስኩም በኋላ መወልወሉን አልተዉም።

«ፊቱን በደንብ አይተሻል?»

«አይቻለሁ፣ አባባ። እናቴ አላየችም፤ እኔ አይቻለሁ።»

ዘንጓን ወደ ቦታዋ መለሷት። እኔ ከጠላት ጋር የወገኑ መስሎኝ ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን ሰዓቱን ገና አልዘጉትም። «የአንቺ ሥራ በአንድ ቀን ይታወቃል፤ ይህኛው አይታወቅም» አሉኝ። ያን ሌሊትና የሚቀጥለውን ቀን አጎንብሰው ዋናውን ጥቅል፣ ሰዓቱ ሲሞላ የሚጠቀለለውን ቀጭን ብረት፣ አወጡት፣ ነካኩት፣ መለሱት። ሥራው እንዲህ ነበር፦ ሰዓቱ ጧት ሲሞላ ቀኑን ሙሉ ከየትኛውም ሰዓት ትክክል ይሄዳል፤ ጥቅሉ እየላላ ሲመጣ ግን፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ወደ ንጋት ይዝላል፣ አንዳንድ ቀን ሩብ ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ከዚያ በላይ ይዘገያል። ጧት ከሌላ ሰዓት ጋር አስተያይቶ የሚሞላው ባለቤት ጥፋቱን በገዛ እንቅልፉ ያሳብባል። ወታደር ደግሞ ንጋት ላይ በዘገየ ቁጥር ይቀጣል። «ይህች ሰዓት ሹመቱን ትብላው» አሉ አባባ። እድሜ ልካቸውን ሐሰተኛ ሰዓት ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም ነበር።

መርከበኛው ሰዓቱን ተቀብሎ አመስግኖ ሄደ። እኛ መጠበቅ ጀመርን። ሁለት ጊዜ አርፍዶ ተቆጡት የሚል ወሬ ከአንድ አስተርጓሚ በኩል ሰማን፤ ያን ቀን አባባ እራት አብዝተው በሉ። በጥር መጨረሻ ግን የሚበልጥ ወሬ መጣ። በአምቦ መንገድ ንጋት ላይ የወጡትን የጣልያን መኪኖች አርበኞች ጠብቀው ከፊተኛው መኪና አንድም ሰው አላተረፉም፤ መርከበኛውም ከፊተኛው መኪና ተሳፋሪዎች ዝርዝር ውስጥ ነበር ተባለ። እኔ ከጓሮ፣ ከሸምበቆው ኋላ ሆኜ ብቻዬን ጨፈርኩ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ዛሬም ቢሆን እጨፍራለሁ።

በአራተኛው ቀን መርከበኛው በእግሩ እየሄደ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ።

ዓይኑ ቀልቷል። አንድ እቅፍ ስኳርና የወይን ጠጅ ይዟል። አባባን አንገታቸውን አቅፎ ሳማቸው። በጣልያንኛና በተሰባበረ አማርኛ እያደባለቀ የሚለው፣ የዚያን ዕለት ንጋት ሰዓቱ ዘግይቶበት ሃያ ደቂቃ አሳልፎ ሲደርስ መኪኖቹ ሄደው ነበር፤ ጓደኞቹ ሁሉ አለቁ፤ እሱን ያተረፈው ይህ ሰዓት ነው። ጭረቱን እየሳመ፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው፣ እንደዘገየ ይኖራል አለ። ለአባባም የፈለጉትን ይጠይቁ አላቸው፤ ሥራ ቢሆን ሥራ፣ የይለፍ ወረቀት ቢሆን ወረቀት።

አባባ ተቀምጠው ነበር፤ ተነሡ። ድምፃቸው እንዳልተሰበረ አስታውሳለሁ።

«ያለፈው የካቲት ከዚህ ቤት ልጄን ወስደሃል። የት ነው ያለው?»

በአማርኛም በጣልያንኛም ደገሙለት። ሰውዬው ቤቱን ዞሮ አየ፤ እኔን አየ። አያስታውስም። ውሸቱን አልነበረም፤ ብዙ ቤት ሄዷልና የእኛን ከሌላው መለየት አልቻለም። ከብዙ ማሰብ በኋላ እጁን ከልደታ በታች ወዳለው ወንዝ ዘረጋ፤ ድንጋይ ይወጣበት ወደነበረው ቦታ።

«ጉድጓድ» አለ በአማርኛ። «የዚህ ሰፈር፣ ሁሉም።»

ከዚያ ያዘነ ይመስል አባባን ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ፣ ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። መጋረጃው ኋላ እናቴ እንዳለች ያወቅነው መጋረጃውን ይዛ ስትወድቅ ነው። ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀር ለደምሴ ለቅሶ ተቀመጥን። ጋቢውን እናቴ ለነዳይ ሰጠችው። ከዚያ በፊት ወንድሜ ሩቅ አገር የታሰረ ልጅ ነበር፤ በእኛ ብልሃት ገዳዩን አትርፈን፣ እሱን ገደልነው። እናቴ ከዚያ በኋላ በርበሬ ስትወቅጥም ሆነ ስታወራ እጇ ከልቧ ጋር አልሆነም፤ ሦስት ክረምትም አልቆየች።

ነፃነት ሲመጣ ምርኮኞቹ በሚጫኑበት መንገድ ዳር ሦስት ቀን በቀሚሴ ድንጋይ ቋጥሬ ቆምኩ። እያንዳንዱን ፊት አየሁ። መርከበኛው ግን ቀደም ብሎ ወደ አገሩ ተመልሶ ኖሯል። እንደ እኔ አርጅቶ፣ የልጅ ልጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ አንድ ደግ አበሻ ሕይወቱን እንዳተረፈለት እያወራ ሞቶ ይሆናል። አባባ እስኪያርፉ ድረስ ሱቁን አልዘጉትም፤ ግን ሰዓት ወደ ጆሮው አስጠግቶ በሽታውን የሚነግራቸው አልነበረምና ቀስ በቀስ ወደ ማንቂያ ደወልና ወደ ማሰሪያ ሽያጭ ወረዱ። ያ ግቢ ዛሬ ከእኔ መስኮት ሥር መኪና የሚቆምበት አስፋልት ነው። ወንዙ ዳር ያለው ጉድጓድ ደግሞ ተሞልቶ ቤት ተሠርቶበታል፤ ልብስ ተሰጥቶበት አያለሁ።

አባባ ከማረፋቸው በፊት ያን የሰዓት ነገር ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው ቀኖና ተቀብለዋል። የእኔ የንስሐ አባት ሦስት ጊዜ ተለውጠዋል፤ ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ቢሰሙ ተጸጽተሻል ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ተጸጽቻለሁ፤ በየቀኑ ነው የምጸጸተው። ዘንጓን በተሳሳተው ጎን ገፍቻት ነበርና፤ ወደ ማፍጠኑ ብገፋት ኖሮ አባባም ያንኑ ይከተሉ ነበር፤ ሰውዬውም ያን ጧት ከሁሉም ቀድሞ ፊተኛው መኪና ላይ ይደርስ ነበር።